ኳሱ ይቆየን፣ እረፍቱ ይምጣ!

ስታዲየም ገብቶ የእረፍት ሰዓቱን በጉጉት የሚጠብቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አላየንም ነበር። እኛ የምናውቀው እረፍት ሽንት ቤት ፍለጋ የሚሮጥበት፣ ቆሎ ሻጩ ልጅ በፉጨት የሚጠራበት፣ «ያንን ኳስ እንዴት ይስታል!» እየተባለ አጥቂው በሌለበት የሚሰደብበት አስራ አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ያለፈ ታሪክ የለውም።

ከመካከላችን አንዱ ግን አይቷል። ዋሽንግተን ሁለት ዓመት ተምሮ የተመለሰ ጓደኛ አለን። እዚያ ሳለ አንድ ቅዳሜ የአክስቱ ልጅ ጎትታ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ወሰደችው። ሃዋርድ እንግዲህ ለእኛ ባዳ አይደለም። ሐኪም መላኩ በያን ሕክምና የተማሩበት፣ ጃንሆይ በ1954 ሄደው የክብር ዶክትሬት የተቀበሉበት የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬም ከግቢው ወጥቶ ጥቂት በእግሩ የሄደ ሰው እንጀራ አያጣም። (ዓመተ ምሕረት ስንጠቅስ የአሜሪካኑን በእነሱ፣ የአገራችንን «ዓ.ም.» እያልን በራሳችን ነው የምንቆጥረው። ጃንሆይን በፈረንጅ የቆጠርናቸው ሰው አገር ስለነበሩ ነው።)

ጨዋታው የአሜሪካ ፉትቦል ነው፤ ያ እንቁላል የመሰለ ኳስ በእጅ ይዘው እንደ ወይፈን የሚጋጩበት። ጓደኛችን ሕጉ አልገባውም። ይበልጥ ያልገባው ግን የተመልካቹ ነገር ነበር። ጨዋታው ተጀምሮ ወንበሩ ግማሹ ባዶ ነው። ሰዉ ውጪ የተጠበሰ ዶሮ ተሰልፎ ይገዛል፣ ከዘመድ ከወዳጁ ጋር ይሳሳማል፣ ጩኸት ሲሰማ ዞር ብሎ «ማን አገባ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን እንኳ በደንብ አያዳምጥም። ታዲያ የመጀመሪያው ግማሽ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ ውስጥ ይጎርፍ ጀመር። ዶሮውን በእጁ እንደያዘ፣ እየተጋፋ። ጓደኛችን ደንግጦ «ምንድነው? ዝናብ መጣ እንዴ?» አለ። የአክስቱ ልጅ ክርኗን ጎኑ ላይ አሳርፋ «ዝም በል፣ ባንዱ ሊገባ ነው!» አለችው።

ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም ነስቶናል። ማኪያቶ በጠጣን ቁጥር ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያሳየናል። መጀመሪያ እሱን ላለማስቀየም ነበር የምናየው። በኋላ ግን እኛው «ያንን የሱሳፎኖቹን ድገመው» ባዮች ሆንን።

እስቲ ላላያችሁ እንንገራችሁ። በአሜሪካ ኮሌጆች ፉትቦል የእረፍቱ ሰዓት 20 ደቂቃ ነው። ተጫዋቾቹ ወጥተው ሳያልቁ ከሜዳው ዳር ከበሮ ይሰማል። ቀስ ብሎ፣ ልክ የሆነ ሰው በር እንደሚያንኳኳ። ከዚያ ድራም ሜጀር የሚባለው የባንዱ መሪ ረጅም ቆቡን አድርጎ፣ በትሩን ይዞ ለብቻው ይገባል። መሀል ሜዳ ይደርስና ወገቡን ወደ ኋላ ይለምጣል፣ ይለምጣል፣ ይለምጣል… የቆቡ ላባ መሬት እስኪነካ! (ከመካከላችን አንዱ ሳሎን ውስጥ ሊሞክር ብሎ ሦስት ቀን ወገቡን ይዞ ነበር የሚሄደው።) በፊሽካው ሁለት ሦስት መቶ ሰው ጉልበቱን እስከ ወገቡ እያነሳ ይገባል። ጥሩምባው፣ ትሮምቦኑ፣ ከበሮው፣ አንገት ላይ እንደ ዘንዶ የሚጠመጠመው ሱሳፎን። ያ ሱሳፎን የናሱ አስራ አምስት ኪሎ ግድም ይመዝናል፤ ልጆቹ ይዘውት ይጨፍራሉ! ሜዳው ላይ ፊደል ይሠራሉ፣ ይበተናሉ፣ እርስ በርስ ይተላለፋሉ፤ ሁለት ሰው ሲጋጭ አታዩም። የሚጫወቱት ደግሞ የጦር ሰልፍ ዜማ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ሳምንት በየሬዲዮው የሚዘፈነውን ነው በናስ ገልብጠው የሚያመጡት። የባተን ሩዡ የሰዘርን ዩኒቨርሲቲ ባንድ «ሂውማን ጁክቦክስ» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሳንቲም ሲከቱበት ዘፈን የሚለቀው ሣጥን ሰው ሆኖ መጣ ማለት ነው።

ከሁሉም እኛን የገደለን ግን «አምስተኛው ሩብ» የሚሉት ነገር ነው። ፉትቦላቸው አራት ሩብ ነው ያለው። ጨዋታው አልቆ ማን እንዳሸነፈ ከታወቀ በኋላ ሁለቱ ባንዶች ከየወንበራቸው ሆነው ፊት ለፊት ይገጥማሉ። አንዱ አንድ ዘፈን ይለቃል፤ ወዲያኛው «ይቺ ናት እንዴ?» በሚል አኳኋን በሌላ ይመልሳል። አሁንም ያኛው ይጨምራል። ቃል የለም፣ ስድብ የለም፣ ግን ስድብ ነው! እኛ አገር ሁለት አዝማሪ አንድ ቤት ሲገናኝ የሚሆነውን አስቡትና በሁለት መቶ አባዙት። በሜዳ የተሸነፈ ቡድን ደጋፊ «ባንዳችን ግን አሸንፏል» ብሎ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ኒው ኦርሊንስ ላይ ግራምብሊንግና ሰዘርን በየዓመቱ «ባዩ ክላሲክ» የሚሉትን ግጥሚያ ሲያደርጉ፣ የባንዶቹ ውጊያ ራሱን የቻለ ዝግጅት ሆኖ ትኬት ይሸጥለታል።

ይህ ነገር ከሰማይ አልወረደም። ማርሽ ባንድ የወታደር ልጅ ነው። ሰው እግሩን እኩል አንስቶ ወደ ሞት እንዲሄድ የተፈጠረ ሙዚቃ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች ከወታደሩ ተቀብለው ወደ ኳስ ሜዳ አመጡት፣ ፊደል መሥራቱንም እነሱ ጀመሩት። የጥቁሮቹ ኮሌጆች ግን የወታደሩን ሰልፍ ወስደው መገጣጠሚያውን ፈቱት፤ ወገብ ጨመሩበት፣ ትከሻ ጨመሩበት።

እዚህ ላይ አንድ ሰው መጥራት የግድ ነው። ዊልያም ፎስተር ይባላሉ። ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ሲማሩ አንድ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ጠርቶ «ለጥቁር የባንድ መሪ ሥራ የለምና ትምህርትህን ቀይር» ብሎ መከራቸው። ሰውየው አልቀየሩም። በ1946 ወደ ፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሄደው ትንሿን ባንድ ተረከቡ፤ እስከ 1998 ድረስም መሩት። «ማርቺንግ ሀንድረድ»፣ መቶዎቹ ሰልፈኞች፣ ተባሉ፤ በኋላ ቁጥራቸው ከአራት መቶ ቢያልፍም ስሙ አልተቀየረም። የፎስተር ባንድ በደቂቃ 20 እርምጃ ብቻ ይሄዳል፤ ሰው እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲራመድ ሚዛኑን እንዴት እንደሚጠብቅ ሞክራችሁ እዩት። ቀጥሎ በደቂቃ 360 እርምጃ ይሄዳል። 360! እኛ ሚኒባስ ሊያመልጠን ሲል እንኳ እንደዚያ አንሮጥም።

«ሥራ የለም» የተባሉት ሰው ተማሪዎቻቸውን በ1989 ፓሪስ ይዘው ገቡ። የፈረንሳይ አብዮት ሁለት መቶኛ ዓመት ሲከበር አሜሪካንን ወክሎ ሻንዜሊዜ ላይ የሄደው ይሄ ባንድ ነው፤ ያውም የጄምስ ብራውንን ዘፈን እየተጫወቱ፣ እንደ ማይክል ጃክሰን ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ። በ1967 የመጀመሪያው ሱፐር ቦውል ላይ በእረፍቱ ሰዓት ከተጫወቱት አንዱ የግራምብሊንግ ባንድ ነበር። በ2007 ፕሪንስ ማያሚ ላይ በዚያ ዶፍ ዝናብ ሱፐር ቦውልን ሲያንቀጠቅጥ አብረውት የነበሩት ማርቺንግ ሀንድረዶች ናቸው። በ2023 የቴነሲ ስቴት ባንድ በወንጌል መዝሙር አልበም ግራሚ ወሰደ፤ ከኮሌጅ ማርሽ ባንዶች የመጀመሪያው ነው። ይበቃል፤ የሽልማት ዝርዝር ስናነብ አንውል።

አሁን ወደራሳችን እንምጣ፤ ምክንያቱም ይህን ቪዲዮ ባየን ቁጥር የሚያንገበግበን ነገር አለ።

የናስ መሣሪያ እኛም አገር እንግዳ አይደለም። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላስ ለምኒልክ የናስ መሣሪያዎች ልከው ነበር፤ የመጀመሪያው ባንድ በዚያ ተጀመረ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ አውሮፓ ሲሄዱ ኢየሩሳሌም ላይ ወላጆቻቸው ያለቁባቸውን የአርመን ልጆች አይተው አርባውን አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉት። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለዘውድ በዓሉ የደረሰውን የመዝሙር ዜማ የሠሩ ሰው ናቸው። የእኛም ናስ እንደ አሜሪካኑ በሰልፍና በመዝሙር ነው የጀመረው ማለት ነው። ከዚያስ? ከዚያ የእኛዎቹም አላስቻላቸውም። ቀን ለሹማምንት ሰልፍ የሚነፋው ልጅ ማታ ሰው ያስጨፍር ጀመር። ጥላሁን ገሠሠም ማሕሙድ አሕመድም ከክቡር ዘበኛ ነው የወጡት። ጌታቸው መኩሪያ ከማዘጋጃ ቤት ባንድ ተነስተው፣ ሽለላን ወስደው ሳክስፎን ውስጥ ጨመሩት። በቃ፣ አንድ ሰው በአፉ የሚያቅራራውን በናስ አቅራሩት! የፍሎሪዳዎቹ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር እያልን እንገረማለን።

ታዲያ ይህን የሠራ አገር ስታዲየሙ ውስጥ ምን አለው? እኛ በስታዲየም ዘመናችን ያየነው ማርሽ ባንድ አንድ ዓይነት ነው። ለትልቅ ግጥሚያ ይገባል፤ ወደ ጥላ ፎቅ፣ ወደ ክቡር እንግዳው ዞሮ ይቆማል፤ መዝሙሩን ይነፋል፤ ተሰልፎ እንደገባ ተሰልፎ ይወጣል። ካታንጋ የተቀመጠው ምን ያያል? ጀርባ! ሚስማር ተራ ያለውማ ጀርባውንም አያይም። ሙዚቀኞቹን አይደለም የምንወቅሰው፤ የታዘዙትን ነው የሚሠሩት፣ ያውም አሳምረው። ባንዱ የተጠራው ለእንግዳው ነው እንጂ ለተመልካቹ አይደለም። ዘፈኑን፣ ጭፈራውን፣ ከበሮውን ለራሱ የሚሠራው ያው ተመልካቹ ነው። የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ጉሮሮው እስኪደማ ሲዘፍን አይታችሁ ከሆነ ይህ ሕዝብ ሙዚቃ እንደማያንሰው ታውቃላችሁ። የሚያንሰው ናስ ነው።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ቀላል ነው። በየትምህርት ቤቱ፣ በየዩኒቨርሲቲው የናስ ባንድ ይኑር፤ ቅዳሜና እሁድ በእረፍቱ ሰዓት ሜዳ ይግባ፤ ፊቱን ወደ ካታንጋ ያዙር። መዝሙር ሳይሆን ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ይንፋ። «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ለምትሉን፣ ከየትም አይመጣም፤ አንድ ትሮምቦን ስንት እንደሆነ ጠይቀን አፍረን ወጥተናል። ግን ለስብሰባ ቲሸርትና ለባነር የሚወጣው ብር ከየት እንደሚመጣ ማንም ጠይቆ አያውቅምና እኛም እዚህ ላይ እናልፈዋለን።

እዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማምተን ነበር። ከመካከላችን ዝምተኛዋ ግን አንድ ቀን «ስለ ሮበርት ሻምፒዮን አንብባችኋል?» አለችን። አላነበብንም። አነበብን። ሲያዩት ያምር ሲበሉት ያቅር የሚባለው ለካ ለዚህ ነው።

ሮበርት ሻምፒዮን የማርቺንግ ሀንድረድ ድራም ሜጀር ነበር፤ ቆቡን ለብሶ ወገቡን ከሚለምጡት አንዱ። ዕድሜው 26። ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ በ2011፣ ባንዱ ኦርላንዶ ሄዶ ነበር፤ ኮሌጁ ከቤቱን-ኩክማን ጋር የሚያደርገው ዓመታዊ ግጥሚያ ነው። ተጫወቱ፤ ሕዝቡ እንደተለመደው ጮኸላቸው። ማታ ሆቴሉ ደጅ ከቆሙት አውቶቡሶች ወደ አንዱ፣ «ሲ» ወደሚባለው፣ ገባ። የዚያ አውቶቡስ «ወግ» እንዲህ ነው፤ ከፊት በር እስከ ኋላ መቀመጫ ትሄዳለህ፣ ግራና ቀኝ የቆሙት ጓደኞችህ በቡጢ፣ በከበሮ እንጨት፣ በማሰሪያ ጠፍር ይመቱሃል። መጨረሻው ከደረስክ አለፍክ፤ ተከበርክ። ሻምፒዮን መጨረሻው ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ራሱን ሳተ። በዚያው ሌሊት ሞተ፤ ሐኪሞቹ ከድብደባው የተነሳ ሰውነቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ነው አሉ።

አውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት ጠላቶቹ አልነበሩም። ከሰዓታት በፊት አንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ፊሽካ፣ እኩል ጉልበት ያነሱ ልጆች ናቸው። እሱ ደግሞ ጀማሪ ሆኖ አይደለም የተመታው፤ መሪ ሆኖ ነው። መሪ ሆኖም ከጓደኞቹ ክብር ለማግኘት በዚያ መተላለፊያ ማለፍ ነበረበት። በዚያ ሌሊት ከእሱ ሌላም ሁለት ልጆች በዚሁ አልፈዋል፤ እነሱ ተረፉ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ደግሞ የዚሁ ባንድ አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ተደብድባ የጭኗ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ ቢቆም…

አሥራ አምስት ሰው ተከሰሰ። አንዱ ከስድስት ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት። የባንዱ አስተማሪ ጡረታ ወጡ፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሥራ ለቀቁ። ማርቺንግ ሀንድረድ ታገደ፤ ሁለት የፉትቦል መስከረም ሊሞላ ሲል፣ በ2013፣ በቁጥር አንሶ፣ አዲስ ደንብ ወጥቶለት ተመለሰ። የተመለሰበት የመጀመሪያ ሜዳ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? እዚያው ኦርላንዶ።

ይህን አንብበን ስንጨርስ ማኪያቶው ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያ ክርክሩ መጣ።

ከመካከላችን አንዱ፣ ወታደር ቤት ያደገው፣ «አራት መቶ ሰው እንደ አንድ ሰው የሚንቀሳቀሰው በፍቅር ብቻ ነው ብላችሁ ታስባላችሁ? ፍርሃት ከሌለ ሥርዓት የለም» አለ። ሐሳቡን አንንቅም። እዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ይህን አባባል በአንድም በሌላም መልክ ጀርባው ላይ ያውቀዋል። «ዱላ ባይኖር ሰው አትሆኑም ነበር» የሚል ዘመድ የሌለው እጁን ያውጣ!

እኛ ግን አንቀበለውም፤ ምክንያታችንም ያው ባንዱ ነው። በደቂቃ ከ20 ወደ 360 እርምጃ መድረስ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ በፍሎሪዳ ፀሐይ አስፋልት ላይ ቆሞ አንዲትን መታጠፊያ አርባ ጊዜ በመድገም ነው። ይህን ድካም ያለፈ ሁሉ ያለፈው በጠራራ ፀሐይ፣ አስተማሪ እያየው፣ ሕዝብ እያየው ነው። የአውቶቡሱ ነገር ግን መጋረጃ ይፈልጋል፤ ጨለማ ይፈልጋል። ሙዚቃውን የሚያሳምር ቢሆን ኖሮ ለምን ይደበቃል? ሻምፒዮን ደግሞ ከአውቶቡሱ በፊትም ጎበዝ ነበር፤ መሪ ያደረገው ያ ነው። አውቶቡሱ የጨመረለት ነገር የለም።

ዝምተኛዋ ጓደኛችን የጨመረችው ነገር ደግሞ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። «እናንተ የመጀመሪያ ዓመት ስትገቡ ምን አደረጉባችሁ?» አለች። ሳቅን፤ የዶርሙ ቀልድ፣ በሌሊት ቀስቅሶ ዘፈን ማዘፈን፣ የውሸት መታወቂያ ማደሻ ወረፋ ማሰለፍ። ማንም አልተመታም፤ ቀልድ ነው። «በሁለተኛው ዓመትስ እናንተ ምን አደረጋችሁ?» አለች። አንዳችን ስልኩን ማየት ጀመረ። አንዳችን ሒሳብ ጠየቀ። ያደረጉብንን ነዋ! አንዱን ልጅ ደግሞ ያን ቀልድ እንዳልሳቀበት እናስታውሳለን፤ ስሙን ግን አናስታውስም።

የአሜሪካኖቹም ነገር በ2011 አላበቃም። በ2025 የካቲት ማለቂያ ላይ የሂውማን ጁክቦክስ ጥሩምባ ነፊ የሆነ የሃያ ዓመት ተማሪ ተደብድቦ ሞተ። ይህኛው የባንዱ ጉዳይ አልነበረም፤ ሊገባበት የፈለገ የተማሪዎች ወንድማማች ማኅበር ነው። ባንዱ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ኒው ኦርሊንስ ሱፐር ቦውል ላይ ተጫውቶ ነበር። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በ2024 ታኅሣሣቸው ላይ፣ ኮሌጆች እንዲህ ያለውን ድርጊት እየመዘገቡ ለሕዝብ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ተፈርሞ ነበር። ሕጉ በወረቀት ላይ ሳለ ልጁ ሄደ።

«እንግዲያው ባንዱ ይቅርባችኋ!» የሚሉን አሉ። አይቀርብንም። ፎስተር አምሳ ዓመት የሠሩት ሜዳ ላይ ያለውን ነው፤ አውቶቡሱን ስንጠላ ሜዳውን አብረን ከጣልነው «ለጥቁር የባንድ መሪ ሥራ የለም» ላለው ሰውዬ እጅ ሰጠን ማለት ነው። ሐሳባችንን ግን አርመነዋል። በፊት ስንጽፈው «ናስ ይምጣ» ብቻ ነበር። አሁን የምንለው፣ ናሱ ከመምጣቱ በፊት ነባሩ ተማሪ በአዲሱ ላይ ምን ሥልጣን እንዳለው ተጽፎ ይለጠፍ። መሣሪያ የሚያድለው፣ ቦታ የሚመድበው፣ የሚቀጣው አስተማሪው ይሁን፤ ከፍተኛ ክፍል ስለሆነ ብቻ ማንም በማንም ላይ አይሾም። ለጉዞ አስተማሪ የሌለበት አውቶቡስ አይንቀሳቀስ። ልምምዱም ሰው በሚያየው ሜዳ ይሁን፤ ጎረቤት በጥሩምባው ጩኸት ቢማረር ይማረር። ይህን «የፈረንጅ ችግር ነው፣ እኛ ጋ የለም» የሚል ካለ ከላይ ያለውን የዶርም ታሪክ መልሶ ያንብብልን።

ወታደር ቤት ያደገው ጓደኛችን አሁንም አልተስማማም። ክርክሩ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይቀጥላል፤ ሒሳቡም የእሱ ተራ ነው።

እስከዚያው ለምዝገባ ያህል፣ ከመካከላችን ከበሮ የሚመታ አንድ ሰው አለ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነበር። ፊሽካ የገዛ አለ። አንዱ ደግሞ «አያቴ ክቡር ዘበኛ ሳሉ የነፉበት ጥሩምባ ቤት አለን» ብሎ ባለፈው ሳምንት በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣው። አንዱ ቁልፍ ተጣብቆ አይወርድም። ተራ በተራ ነፋንበት፤ የወጣው ድምፅ የመኪና ጡሩምባ ይመስል ነበር። የቡና ቤቱ አስተናጋጅ ግን «ድገሙት» አለችን።